የገጠሩ አረጋዊና የከተማው አረጋዊ

ወገኖች፣ በዚህ ጊዜ የምናጠናው ስለ አረጋውያን ወላጆቻችን ነው። በነገሌ ቦረናና በቆላው ከተሞች፣ «የከተማው ሽማግሌ ይሻለዋል፤ ጤና ጣቢያው አጠገቡ ነው» ሲባል እንሰማለን። እኛም ቤት ለቤት ልንጎበኝ ስንነሣ እንዲሁ ስላሰብን፣ በመመዝገቢያችን ላይ የጻፍነው ዋና ጥያቄ «ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ነበር። ተሳስተን ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ማርጀት የሚለው ከበሽታ ነፃ መሆንን ብቻ አይደለም፤ ሰው በሽምግልናው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ለመሥራትና ለመሆን መቻሉን ነው። በዚህ ዓይን ስናይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ።

ከነገሌ ወጣ ብለን ያገኘናቸው አንድ አባት ሰባ ዓመት አልፎአቸዋል። ጥጃ ይጠብቃሉ፤ ብዙ መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የውኃውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ፤ ጠብ ሲነሣ ግን እኚህም አባት ተጠርተው ቃላቸው ይሰማል። ዓይናቸው ግን እየደከመ ነው። «እርጅና ነው» ብለው ትተውታል። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ብርሃን ይመለሳል። ትራኮማ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፋቀ ጠባሳ ያደርግበታል፤ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስቆም ይቻላል፣ የጠፋውን ብርሃን ግን አይመልስም። ስለዚህ መዘግየት ያስከፍላል።

በከተማ ያገኘናቸው እናት ከጤና ጣቢያው የዐሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ይኖራሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳካላቸው ቀርተው ከብቶቻቸው ሲያልቁ ልጃቸው አመጣቸው። ወተቱ ቀርቶ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። የደም ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የሚያማቸው ነገር ስላልነበረ ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም። እርሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ይህ አልነበረም። «እዚህ የሚጠይቀኝ ሰው የለም» አሉን። ጡረታም የላቸውም፤ ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም ለግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው እንጂ ከብት ላረባ ሰው አልተዘጋጀም።

እናቲቱ አሁን መድኃኒት ጀምረዋል፤ ስላልታመሙ እንዳያቋርጡት አንዲት እኅት በየሳምንቱ ትጎበኛቸዋለች። የሚገርመው፣ እኅቲቱ ስለ ወተት አያያዝ ምክር ስትጠይቃቸው ነው ፊታቸው የፈታው።

ለውይይት፦ ሐዋርያው በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ስለ መበለቶች የሰጠውን ትእዛዝ አንብቡ። ቤተ ሰብ ራሱ በድርቅ ሲደኸይ የጉባኤው ድርሻ ምን ይሆናል? በአካባቢያችሁ ዓይናቸው የደከመና የደም ግፊታቸው ያልተለካ አረጋውያን እነማን ናቸው? ማንስ ይወስዳቸዋል፣ በየትኛው ቀን?