ስለ ባለ ባትሪ የእጅ መሣሪያዎች አጠቃቀምና አያያዝ

ክረምት በመጣ ቍጥር ከትምህርት ቤታችን ልጆች ብዙዎቹ ወደ እንጨት ሥራና ወደ ብረታ ብረት ቤት ለረዳትነት ይገባሉ። እኔም በአጎቴ የበርና የመስኮት ሥራ ቤት ሦስት ክረምት ሠርቻለሁ። በዚያ ያየሁትንና ከፊዚክስ መምህራችን ጠይቄ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ወላጆችም ቢያነቡት አይጠሉትም ብዬ አስባለሁ፤ መሣሪያው ዛሬ ከሥራ ቤት አልፎ ከመኖሪያ ቤትም ገብቷልና።

ነገሩ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከስድሳ ዓመት አልፏል። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ገመድ የሚሠራ መሰርሰሪያ ያወጣው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ባትሪው ኒኬልና ካድሚየም ከሚባሉት ማዕድናት የተሠራ ስለ ነበረ ጕልበቱ አነስተኛ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ተጓዦች የጨረቃን መሬት የሰረሰሩት ይኸው ኩባንያ በሥራው በተካፈለበት ባለ ባትሪ መሰርሰሪያ ነው፤ በጨረቃ ላይ ሶኬት የለምና። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው የሊቲየም ባትሪ ግን ለገበያ የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፥ ጆን ጉድኢነፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፥ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል።

ብዙ ሰው ገመድ የሌለውን መሣሪያ እንደ መጫወቻ ይቈጥረዋል። እኔ ግን በአንድ ነገር ከባለ ገመዱ ይብስ እንደ ሆነ አምናለሁ። ባለ ገመዱ ስፒናው ከሶኬት ከተነቀለ ሙት ነው፤ ባለ ባትሪው ግን በመደርደሪያ ላይም፥ በከረጢት ውስጥም፥ በልጅ እጅም ሳለ ሁልጊዜ እንደ ተሰካ ነው። ስለዚህ ፑንታ ወይም ዲስክ ከመለወጥ በፊት ባትሪውን ማውጣት ያስፈልጋል። ለአፍታ ብቻ ከእጅ የሚያኖሩት እንደ ሆነ የፊትና የኋላ ዙር መለወጫውን ቍልፍ ወደ መካከል መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ ምላጩ ቢነካም አይሠራም። አጎቴ ይህን ሳላደርግ መሣሪያ እንዳቀብለው አይፈቅድልኝም። «ልጄ፥ ጠመንጃ እንደምታቀብል አድርገህ አቀብለኝ» ይለኛል።

በመሰርሰሪያ ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙውን ጊዜ የሚታየው በስስ ላሜራ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን በሚገኝ አንድ ሥራ ቤት እንደ እኔው ረዳት የነበረ ልጅ አንዲት ቍራጭ ላሜራ በግራ እጁ ይዞ ይሰረስር ነበር። ፑንታው ላሜራውን በስቶ ሊያልፍ ሲል ነከሰውና ከእጁ ነጥቆ አሽከረከረው። የላሜራው ጠርዝ መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር ቈረጠው። ጅማቱ ተነክቶ ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ድረስ አውራ ጣቱን እንደ ልቡ አያጥፍም፤ የሚጽፈውም በቀኝ እጁ በመሆኑ ነው እንጂ ትምህርቱም በቀረበት ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፑንታው ብረቱን እየላገ ሲወርድ ሳለ የሞተሩ ጕልበት በመቍረጥ ላይ ያልቃል። በመጨረሻው ቅጽበት ግን የፑንታው ስለት በቀዳዳው ጠርዝ ይያዛል፤ ያን ጊዜ መቍረጡ ይቀርና ጕልበቱ በሙሉ ላሜራውን ወደ ማሽከርከር ይዞራል። የሰው እጅ ይህን ሊቋቋም አይችልም። መፍትሔው ላሜራውን በሞርሳ ማሰር፥ ከተቻለም በሁለት እንጨት መካከል አጣብቆ መሰርሰር፥ ሊበሳ ሲቃረብም ፍጥነቱንና ግፊቱን መቀነስ ነው። በግድግዳ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ሲበሳ ደግሞ ፑንታው በድንገት ከተያዘ የሚዞረው ራሱ መሣሪያው፥ ከእርሱም ጋራ የያዘው ሰው አንጓ ነው፤ የጎን መያዣው የተሠራው ለዚህ ነው።

ጓንት ሁልጊዜ ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ለሚሽከረከር ፑንታ ግን የጨርቅ ጓንት ጠላት ነው፤ አንድ ክር ብቻ ቢያዝ ጣትን ጠቅልሎ ይወስዳል። ነጠላ፥ የአንገት ልብስ፥ የተፈታ ጠጕርና ቀለበትም እንዲሁ። መነጽር ግን ለማንኛውም ሥራ ያስፈልጋል።

ግራይንደርን በሚመለከት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የዲስኩ ስፋት 115 ሚሊ ሜትር፥ የመኪናው ዙር በደቂቃ 8,500 ቢሆን፥ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 51 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም በሰዓት 184 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ የተሰበረ ፍንጣሪ ምን እንደሚያደርግ አንባቢ ይገምት። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የሚችለው የመጨረሻ ዙር ተጽፎበታል፤ በ230 ሚሊ ሜትሩ ላይ ብዙውን ጊዜ 6,600 የሚል ይገኛል። እንግዲህ ዲስኩ አልቆ አነሰ ብለው መከለያውን ፈትተው በትንሹ ግራይንደር ላይ የሚያስሩት ሰዎች 6,600 የሚችለውን 8,500 ማዞራቸው ነው። ቍጠባ ይሉታል፤ እኔ ግን ቍጠባ መሆኑ አይታየኝም። የወደቀ ወይም ውሃ የነካው ዲስክም መጣል አለበት።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነውም ቤት የሚቃጠለውም በእርሱ ነውና። በገበያ አንዱ ነጋዴ 18 ቮልት፥ ሌላው 20 ቮልት እያለ ሲከራከር ይሰማል። ሁለቱም አንድ ናቸው። በከረጢቱ ውስጥ በተርታ የተያያዙ አምስት ትናንሽ የሊቲየም ባትሪዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በሥራ ላይ በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣሉ፤ አምስት ጊዜ 3.6 ደግሞ 18 ነው። ሞልተው ከቻርጀሩ ሲወጡ ግን 4 ቮልትና ከዚያ በላይ ስለሚደርሱ ሌላው 20 ብሎ ይጽፈዋል። ይልቅስ መታየት የሚገባው የአምፔር ሰዓቱ ነው። ባለ 2ቱ 36 ዋት ሰዓት፥ ባለ 4ቱ 72 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሥራውም በዚያው መጠን ይረዝማል።

«ባትሪው ጨርሶ ሳያልቅ አትሙላው» የሚለው ምክር ለጥንቱ ለኒኬል ካድሚየም የተነገረ ነው። ሊቲየምን ጨርሶ ማድረቅ ይጐዳዋል፤ መሣሪያው ሲደክም ማቆምና መሙላት ይሻላል። ከሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪ ሳይበርድ ቻርጅ ላይ አይደረግም፤ ፀሐይ በሚያግለው የላሜራ ጣራ ሥርም አይቀመጥም። ለብዙ ወራት የማይሠራበት ከሆነ ግማሹን ያህል ሞልቶ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ ማኖር ነው። ባትሪን ከሚስማርና ከቪቴ ጋራ በአንድ ሣጥን መክተት በጣም አደገኛ ነው፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ካገናኛቸው ወዲያው ይግላል፥ እሳትም ያስነሣል።

ያበጠ፥ የተጨፈለቀ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ ተመልሶ አይሞላም፥ አይከፈትምም። በውስጡ ሁለቱን ወገን የሚለየው ስስ ወረቀት መሰል ነገር ከተቀደደ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ስለዚህ ሌሊት በፍራሽ ላይ ወይም በመውጫው በር አጠገብ ቻርጅ ማድረግ አይገባም። በሲሚንቶ ወለል ላይ፥ ሰው ነቅቶ ሳለ ይሁን።

ስለ ጽዳቱ የምለው ብዙ አይደለም። የሞተሩን መተንፈሻ ቀዳዳ ባትሪውን አውጥቶ በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል፤ የብረት ብናኝ ከገባበት ሞተሩን ይበላዋልና። በቤንዚን የሚያጥቡ አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩን ያበላሻል፥ ለእሳትም ይዳርጋል።

የመጨረሻው ነገር ዘመድ በውጭ አገር ያላቸውን ቤተ ሰቦች የሚመለከት ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፥ የእኛ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር በጀርባው 100–240 የሚል ከተጻፈበት እዚህም ይሠራል፤ 120 ብቻ ከሆነ ግን እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ከሱቅ የሚገዛው የስፒና መለወጫ የሚለውጠው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው እንጂ ቮልቱን አይደለም። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እርሱም በዋት ከቻርጀሩ የበለጠ መሆን አለበት። ዘመድ ዕቃውን ይዞ በአውሮፕላን የሚመጣ እንደ ሆነም ትርፍ ባትሪዎቹን ጫፋቸውን ሸፍኖ በእጅ ሻንጣው እንዲይዝ አስቀድሞ ይነገረው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መክተት ክልክል ነው።