መንገድ መሪው፤ በደቡብ ሕንድ ኮረብታ ያለችን አንዲት መንደር ስንጎበኝ

ከከተማ ጫጫታ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚሄድ መንገደኛ ጸጥታን ባየ ጊዜ ሰላምን ያየ ይመስለዋል። የውሃውን ድምፅ፥ የወፉን ዝማሬ፥ በማለዳ ከየቤቱ ጣሪያ የሚወጣውን ጢስ ተመልክቶ «እነዚህስ የታደሉ ናቸው» ብሎ ፈጥኖ ይፈርዳል። እኛም በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፥ ኬረላ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ በዋያናድ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ መንደር ሦስት ሌሊት ባደርን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ፈረድን። በሦስተኛው ቀን ግን ፍርዳችንን ልናቃና ግድ ሆነብን። እንዴት እንደ ሆነ ለአንባብያን፥ ይልቁንም በገጠር ደብር ለሚያገለግሉ ካህናት ወንድሞቻችን፥ ልንገልጽ ወደድን።

እንደሚታወቀው በዚያ አገር የሚኖሩ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ከእኛ ጋር በአንዲት ሃይማኖት የጸኑ ናቸው። በአበው ትውፊት መሠረት ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ በ52 እ.ኤ.አ. በዚያ ባሕር ዳር ወርዶ ወንጌልን እንደ ሰበከላቸው ያምናሉ። ሥርዓተ ቅዳሴያቸው ከሶርያውያን የተቀበሉት ነው። ከጥር 7 እስከ ጥር 13 ቀን 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የእነርሱ ካቶሊኮስ ብፁዕ ወቅዱስ ባስልዮስ ኤውጌን ከተሰበሰቡት አንዱ ነበሩ። ከዚያ አገር የመጡ መምህራንም በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ዘመን ስላስተማሩ፥ ዕድሜያቸው የገፋ አንባብያን «የሕንድ አስተማሪዬ» ብለው የሚያስታውሱት አንድ ሰው አያጡም። ስለዚህ በእንግድነት ብንሄድም የሄድነው ወደ ባዕድ ቤት አልነበረም።

ከኮታያም በባቡር ተነሥተን በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ኮዚኮድ ደረስን፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ተራራው ጉዞ ጀመርን። የታማራሴሪ አቀበት ዘጠኝ ጊዜ በራሱ ላይ ይታጠፋል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቁጥሩ ተጽፎአል፤ ከአጠገባችን የተቀመጠው ሕፃን ልጅም ቁጥሩን እየጮኸ ይቈጥር ነበር። ሙቀቱ ከበታች ቀረ፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ተቀበለን። ዘጠነኛው ካለቀ በኋላ ላኪዲ በምትባለው ስፍራ፥ ከመንገዱ ዳር፥ ከባድ የብረት ሰንሰለት የታሰረበት አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሞአል። አብሮን የነበረው የመንደሩ ቄስ (እነርሱ ካህናቸውን «አቸን» ይሉታል፤ አባታችን ማለት ነው) የዛፉን ነገር እንዲህ ሲል ተረከልን።

እንግሊዞች ያን አገር በሚገዙበት ዘመን ከቆላው ወደ ደጋው የሚያወጣ መንገድ ፈልገው አጡ። ፓኒያ ከሚባለው ከጫካው ሕዝብ ወገን የሆነ ካሪንታንዳን የተባለ ሰው ግን ከብቶቹና አራዊት የሚሄዱበትን ዱካ ያውቅ ነበርና አንዱን እንግሊዛዊ መሐንዲስ መርቶ አወጣው። መሐንዲሱም መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ ለማለት ፈልጎ መሪውን ገደለው። ከዚያ በኋላ የሟቹ መንፈስ መንገደኛን ሁሉ አላሳልፍ ስላለ፥ አንድ የአገሩ ካህን መንፈሱን በዚያ ዛፍ ላይ በሰንሰለት አሰረው ይባላል። ዛፉ ባደገ ቊጥር ሰንሰለቱም ያድጋል ይላሉ።

ይህ የአፈ ታሪክ ነገር ነው፤ የሟች ነፍስ በመንገድ ላይ ተቀምጣ መንገደኛን ታውካለች የሚለውን ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበለውም። ይሁን እንጂ ታሪኩን በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። የአቤል ደም ከምድር እንደ ጮኸ በኦሪት ዘፍጥረት የተማርን ሰዎች፥ የተበደለ ሰው ቢሞትም ነገሩ እንደማይሞት እናውቃለን። ያ ሕዝብም ይህን በራሱ ቋንቋ ተናግሮታል። በተለይ ያስደነቀን አንድ ነገር ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የታሰረው የተገደለው ነው እንጂ የገደለው አይደለም። ይህንንም ለአቸን ብንነግረው ጥቂት ዝም አለና፥ «ከመንደራችን ስትደርሱ ደግሞ ታያላችሁ» አለን።

መንደሪቱ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ በሁለት ኮረብታዎች መካከል ትገኛለች። ከታች በረባዳው የሩዝ እርሻ አለ፤ ወደ ላይ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይታያል፤ በዛፎቹም ግንድ ላይ የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ይወጣል። የመጣነው በለቀማ ወራት ስለ ነበረ በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቶአል፤ ሽታው የከፋንና የሲዳሞን ሰው አገሩን የሚያሳስበው ነው። በእርግጥ የዋያናድ ቡና በብዛት ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ስለ ሆነ ከእኛው ይለያል። ቢሆንም ቡና ወደ ሕንድ የገባው ከየመን ሲሆን፥ ባባ ቡዳን የተባለ አንድ የእስልምና መናኝ በ17ኛው መቶ ዓመት ሰባት ፍሬ ይዞ እንዳመጣ ሕንዶቹ ይተርካሉ፤ ወደ የመን የተሻገረው ደግሞ ከእኛ አገር ነው። ይህን ባጫወትናቸው ጊዜ ያሳደሩን ሰዎች ሳቁና፥ «እንግዲያስ በገዛ ቡናችሁ ነው የተቀበልናችሁ» አሉን።

የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ባልቴት ናቸው። ሁሉም «አማቺ» ይሏቸዋል፤ እናታችን እንደ ማለት ነው፤ እኛም እንዲሁ አልናቸው። የዚህን ኮረብታ ታሪክ የሰማነው ከእርሳቸው አፍ ነው፤ አቸን ያስተረጕምልን ነበር።

እነዚህ ክርስቲያኖች የዚያ ደጋ ነባር ሰዎች አይደሉም። አባቶቻቸው በደቡብ በኩል ካለው ከትራቫንኮር የተሰደዱት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት፥ ይልቁንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህል በጠፋ ዘመን ነው። መሬት ጠቦአቸው ነበርና ያላቸውን ሸጠው፥ በወቅቱ በማድራስ ሥር ይተዳደር ወደ ነበረው ወደ ማላባር አገር ወጡ። ጫካውን መንጥረው ካሳቫ ተከሉ፤ ዝሆንና የዱር አሳማ የተከሉትን አጠፋባቸው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ወባ ነበረ። በየቤቱ ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ የሠሩአት ቤተ ክርስቲያን በቀርከሃ ቆማ በሣር የተከደነች ነበረች። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ጀርባ ባለው መቃብር ትንንሾቹን የድንጋይ ክምሮች አይተናል፤ ጽሕፈትም የለባቸውም። የጸጥታው አንዱ መሠረት ይህ ነው። ስለዚህ ድካምና ሞት የሚጽፉ በዚያ አገር ብዙ ናቸው፤ በእምነት የተደረገ ስለ ሆነም መጻፉ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው መሠረት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ሰፋሪዎቹ በደረሱ ጊዜ ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም። ፓኒያ፥ ኩሩቺያ፥ ካቱናይካ የሚባሉት ነገዶች ከጥንት ጀምረው በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም በዋያናድ አውራጃ ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶው 18 የሚያህለው ከእነዚሁ ነገዶች እንደ ሆነ በ2011 እ.ኤ.አ. የተደረገው ቆጠራ ያስረዳል። ከእነዚህም የፓኒያ ሕዝብ ዕጣ እጅግ የከበደ ነበረ። ስማቸው እንኳ «ሠራተኛ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በየዓመቱ በቫሊዩርካቩ መቅደስ የዓመት በዓል ጊዜ ባለርስቶቹ ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው አንዱን ቤተ ሰብ ለአንድ ዓመት ያስሩት ነበር፤ ዓመቱም ሲፈጸም እንደ ገና ይታሰራል። ይህ የባርነት ሥራ በሕንድ ሁሉ በሕግ የተከለከለው ገና በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ከትራቫንኮር የመጡት ክርስቲያኖች መሬቱን በገንዘባቸው ገዝተዋል። የገዙት ግን ከባለርስቶች ነው፤ በመሬቱ ላይ ሲሠራ የኖረው ሰው የጽሑፍ ማስረጃ ስላልነበረው የጠየቀው አልነበረም። በ1975 እ.ኤ.አ. የኬረላ ምክር ቤት ከነገዶቹ የተወሰደው መሬት እንዲመለስ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሕጉ ግን ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት ስናስተምር አክዓብን መውቀስ ይቀለናል፤ አክዓብ ንጉሥ ነበረና። በውል የገዛ፥ በላቡ የሠራ፥ ልጁን የቀበረ ድኻ ክርስቲያንስ ምን እንለዋለን? እኛ በበኩላችን «ሌባ» ለማለት አንደፍርም። «ዕዳ የለብህም» ለማለትም አንችልም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ቃል አማቺ ነገሩን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ለዕረፍት መጡ፤ ከእነርሱም መካከል አንዲት በዕድሜ የገፋች የፓኒያ ሴት ነበረች። አማቺ ያለ ወተት በዘንባባ ስኳር የተፈላውን ቡና በገዛ እጃቸው ቀድተው፥ ለእኛ በሰጡበት በዚያው ዓይነት ኩባያ ሰጡአትና በበረንዳው ላይ ከጎናቸው አስቀመጧት። ለእኛ ለእንግዶቹ ይህ ተራ ነገር ነበረ። አቸን ግን ወደ ጆሮአችን ጠጋ ብሎ፥ «በቀድሞው ዘመን ፓኒያ በጓሮ በኩል ይቀበል ነበር እንጂ በዚህ በረንዳ አይቀመጥም ነበር» አለን።

አማቺም ምክንያቱን ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፤ «የባሌ አባትና እናት ወደዚህ በመጡ በመጀመሪያው ክረምት ሁሉም በንዳድ ወደቁ። ሁለት ልጆች ሞቱ። እሳት የሚያነድ እንኳ ጠፋ። ከጫካው ዳር የሚኖር አንድ ፓኒያ የዱር ሥራ ሥር ቈፍሮ እየቀቀለ አበላቸው። በኋላም የባሌን አባት ደግፎ በጫካው ውስጥ ሐኪም ወዳለበት መንገድ አወጣው። አማቴ ይህን እስክትሞት ትነግረኝ ነበር። የሰውየውን ስም ብጠይቃት ግን አታውቀውም። አብልቶ ያዳናቸውን ሰው ስሙን አልጠየቁትም፤ ‹ፓኒያው› ይሉት ነበር። በዚህ ነገር አፍራለሁ። እዚህች ሴት የእርሱ ወገን ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም አስቀምጣለሁ።»

አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶችን እንደ ተቀበለ ስንሰብክ እኛ ዘወትር ራሳችንን በአብርሃም ቦታ እናስቀምጣለን። ተቀባዮች፥ አብሊዎች፥ እግር አጣቢዎች እኛ ነን። በዚያ በረንዳ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታየን። ድንኳኑ የጫካው ሰው ነበረ፤ የመጡት እንግዶች ክርስቲያኖቹ ነበሩ፤ የተቀበላቸውም ስሙ ያልተጠየቀው ሰው ነው። በየደብራችን በበዓል ቀን ስም እየጠራን የምናመሰግናቸው ሠሪዎችና ሰጪዎች አሉን፤ መልካም ነው። ድንጋዩን የተሸከመውን፥ ውሃ የቀዳችውን፥ መሬቱን የለቀቀውን ግን በስሙ የሚያውቅ ቄሰ ገበዝ ስንት እንደ ሆነ እንጃ። የሠራተኛውን ደመወዝ ስለ ማስቀረት ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ የተናገረው ቃል ለባለጸጎች ብቻ የተጻፈ አድርገን ማንበብ ለምደናል።

በእሑድ ጠዋት ቅዳሴ ቆምን። ጫማ ከበር ውጪ ይቀራል፤ ወንዶች በአንድ ወገን፥ ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበው በሌላው ወገን ይቆማሉ። ቋንቋው ማላያላም ስለ ሆነ አልተረዳንም፤ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ግን አፋችን ሳያስበው አብሮ መለሰ። የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጸሎት በዜማ በተነሣ ጊዜ አቸን ወደ እኛ ዘወር ብሎ ተመለከተ፤ ውዳሴ ማርያምን በየቀኑ እንደምንደግምና ደራሲው ይኸው ቅዱስ እንደ ሆነ ማታውን ነግረነው ነበርና።

ከቅዳሴ በኋላ የክፉውን ቀን ነገር ነገሩን። በሐምሌ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፥ በሁለት ቀን ውስጥ ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ከዘነመ በኋላ፥ በዚያው በዋያናድ፥ በሜፓዲ አጠገብ ተራራው ተንዶ ሙንዳካይንና ቹራልማላን ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የሻይ ተክል ሠራተኞች ነበሩ። ሬሳቸው ያልታወቀውን በፑቱማላ በአንድ ስፍራ ሲቀብሩ የሂንዱ፥ የእስላምና የክርስቲያን ካህናት በየተራ ጸለዩላቸው፤ በመቃብሩም ላይ በስም ፈንታ ቁጥር ተጻፈ። ከእኛ መንደር ሰዎችም አካፋ ይዘው የሄዱ ነበሩ።

እኛም በተራችን ነገርናቸው። ከዚያ በፊት በስምንተኛው ቀን፥ በሐምሌ 15 ቀን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችን ማለቃቸውን፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው ሲቈፍሩ ሁለተኛው ናዳ እንደ ወረደባቸው፤ ዕለቱም በስንክሳራችን የቅዱስ ኤፍሬም መታሰቢያ እንደ ነበረ ነገርናቸው። ማንም አልተናገረም። አማቺ ብቻ የስፍራውን ስም ደግመን እንድንነግራቸው ለመኑ።

ማታ ፋኖሱ በርቶ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ የልጅ ልጆቹ እያዛጉ ይሰግዱ ነበር። በመጨረሻ አማቺ ሙታንን በየስማቸው ማንሣት ጀመሩ፤ ባላቸውን፥ አማቶቻቸውን፥ በንዳድ የሞቱትን ሁለቱን ሕፃናት። ቀጥለውም አቸን ቀስ ብሎ እንደ ተረጐመልን፥ «መንገድ ያሳየንን፥ ስሙን አንተ የምታውቀውን» አሉ። ጥቂት ዝም አሉና፥ እየተጠነቀቁ፥ ፊደል እንደሚቈጥር ሕፃን፥ «ጎ-ፋ» አሉ።