ለአዲሷ የጣቢያ ኃላፊ

ስሚኝማ እህትዓለም፤ ኮልፌ ቀራንዮ ስትገቢ ሰው ሁሉ የሚያወራሽ ስለ ወንጀሉ ነው፤ ስለ ሞባይል ነጠቃው፣ ስለ አጠና ተራ ግርግር፣ ስለ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ። እሱን ሥራው ራሱ ያስተምርሻል። እኔ ልነግርሽ የምፈልገው ከሥርሽ ስላሉት ሰዎች ነው። ባለጉዳይ አንቺን የሚያገኝሽ ስንቴ ነው? እሱ የሚያውቀው በር ላይ የቆመውን ኮንስታብልና መዝገብ የያዘውን ተረኛ ነው። የጣቢያሽ ስም በእነሱ አፍ ላይ ነው ያለው።

አለቃ ከሥሩ ያሉትን ስለሚይዝበት መንገድ ኮልፌ የራሱ ታሪክ አለው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውጊያ ሥልጠና የወሰደው እዚያው ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር። በግለ ታሪኩ እንደጻፈው፣ ኮሎኔል ታደሰ፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ማለት ነው፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ስለ አዛዥነት ይመክሩታል። ሥራ ላይ ስትሆን ትዕዛዝህ የጸና ይሁን፤ ከሥራ ውጭ ግን ከተራው ወታደር እኩል ሁን፣ የሚበላውን ብላ፣ ራስህን አታግልል ይሉታል። በዚህ መሀል አንድ ሳጅን ይገባና አንድ መቶ አለቃ የት እንደሚገኝ ይጠይቃቸዋል። ከእንግዳ ጋር እየበሉ ስላቋረጣቸው ተቆጥተው አመናጭቀው ያስወጡታል። ከዚያም ምክሩን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ይህን የማነሳው እሳቸውን ለማቃለል አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው፣ ምክራቸውም ትክክል ነው። የማነሳልሽ ማንኛውም አለቃ፣ ምክሩን በቃሉ የሚያውቀውም ቢሆን፣ ሲደክመውና ሲቸኩል እንዲህ ስለሚያደርግ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ሳጅኑን ነው። ከዚያ ከወጣ በኋላ ቀጥሎ ያገኘው ማንን ይሆን? ጠዋት በሰው ፊት ያዋረድሽው ኮንስታብል፣ ከሰዓት ስልኳን ተነጥቃ እያለቀሰች የመጣችውን ልጅ ያመናጭቃታል። ስህተት ካየሽ በር ዘግተሽ ተናገሪ፤ ጥሩ ሥራ ካየሽ ግን በሰልፍ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ አመስግኚ።

የተረኝነት ድልድሉን አንቺ ራስሽ እዪው። ብዙዎቹ ልጆች ቤት ኪራይ ሸሽተው ዳር የገቡ ናቸው፤ ሌሊት አድሮ ጠዋት ሁለት ታክሲ ይዞ የሚሄደውን በማግስቱ መልሰሽ ሌሊት ከመደብሽው ከሱ ትዕግሥት አትጠብቂ። የሌሊት ተራን መቅጫ አታድርጊው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ልብስ የሌለው ዘብ ካለሽ ደግሞ ሪፖርት ከመጻፍሽ በፊት እሱን አሟዪለት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፤ ማረፊያ ክፍሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ከዚህ ውጭ የሚያዘው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። መርማሪዎችሽ ይህን ያውቁታል። ነገሩ የሚበላሸው ዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ እሑድ ማታ ይሞላል፣ ያኔ መርማሪው ቤቱ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከመውጣትሽ በፊት መዝገቡን ገልጠሽ እያንዳንዱን ስም ጠይቂ፤ መቼ ተያዘ፣ ለምን ተያዘ፣ ቤተሰብ ያውቃል ወይ? ማንዴላ ኮልፌ በነበረበት በዚያው በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 28 ላይ፣ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ጉዳይ ከሆነ ወይም ወንጀሉ መፈጸሙ ካጠራጠረ ፖሊስ ራሱ በዋስ እንዲለቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። በጎረቤት ጠብ የመጣን ሰው እስከ ሰኞ ማቆየት ስንፍና ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳትነግሪ ግቢ። ተረኛውን ለማስደንገጥ አይደለም፤ ሻይ ይዘሽለት ግቢ። ግን ማረፊያ ክፍሉን አስከፍተሽ ሰዎቹን በስማቸው ጥሪ። በመዝገብ የሌለ ሰው ካገኘሽ፣ ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ካገኘሽ፣ በዚያው ሌሊት ጻፊው። ቃል ለማውጣት ተጠርጣሪን መምታት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 የሚያስቀጣ ነው፤ «ሌባ ነው» የሚል ምክንያት አያድንም። አንድ ጊዜ እንዳላየሽ ሆነሽ ካለፍሽ፣ ጣቢያው ሁሉ የፈቀድሽው አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ያበላሸ ጣቢያ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሌሊት አይመጣም ነበር እንጂ።

የኤግዚቢት፣ ማለትም የማስረጃ ዕቃ፣ ክፍል ርክክብ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፤ ስለሱ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ክፍለ ከተማው በምዕራብ ከሸገር ከተማ ይዋሰናል፤ ካራ ቆሬ አካባቢ ተዘርፎ የመጣን ሰው «ቦታው የእኛ አይደለም፣ ወዲያ ሂድ» ብሎ መመለስ ይቀላል። ወዲያ ያለውም ወዲህ ይመልሰዋል። በመጀመሪያ ቃሉን ተቀበሉ፣ ጉዳቱን መዝግቡ፤ ማን ይመርምረው የሚለውን በኃላፊዎች መካከል በስልክ ጨርሱት። የተዘረፈ ሰው በወሰን ምክንያት መንከራተት የለበትም።

የመጨረሻው የሚከብድሽ ነው። ስልክ ይደወልልሻል። የቀድሞ አለቃ፣ የዕድር ሰብሳቢ፣ የአክስት ልጅ፤ «እባክሽ ያንን ልጅ ፍቺልን» ወይም «ትንሽ ቆይ በይልን» ይሉሻል። ለአንዱ እሺ ካልሽ ኮንስታብሎችሽ በዚያው ቀን ይሰሙታል፣ እነሱም የራሳቸው የአክስት ልጅ አላቸው። የደወለውን ሰው በትሕትና አመስግኚና አቤቱታውን መጥቶ በጽሑፍ እንዲያስገባ ንገሪው። እኔም ስለ ዘመድ ልጅ የደወልኩልሽ ቀን እምቢ በይኝ።