አንድ ዓላማ፣ ሦስት መንገድ፦ አማራጭ ያለው የቤት ሥራ በምዕራብ ሸዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ሳይንስን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ ቋንቋው ይለወጥበታል። በዚህ ሽግግር ወቅት ለሁሉም አንድ ዓይነት የጽሑፍ የቤት ሥራ ሲሰጥ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው ተማሪ የከበደው ሳይንሱ ይሁን እንግሊዝኛው ለመለየት ያዳግታል። ይህ ጽሑፍ ምርጫ መስጠት ሁለቱን ለመለየት እንደሚረዳ ለማሳየት ይሞክራል።

ካሮል አን ቶምሊንሰን የተማሪዎችን ልዩነት ያገናዘበ ትምህርት በይዘት፣ በሂደትና ተማሪው በሚያቀርበው ሥራ ሊለያይ እንደሚችል ታስረዳለች። እዚህ የሚለያየው የሚቀርበው ሥራ ብቻ ነው። ለምሳሌ የጋዝን በፈሳሽ ውስጥ መሟሟት ለማስተማር የአምቦ ውኃን መውሰድ ይቻላል። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፦ ጠርሙሱ ሲከፈት ለምን አረፋ ይወጣል? ሞቅ ያለው ውኃ ከቀዝቃዛው ይልቅ ጋዙን ቶሎ የሚያጣውስ ለምንድን ነው? ተማሪው መልሱን በእንግሊዝኛ አጭር ዘገባ ጽፎ፣ መግለጫ ያለው ሥዕል ሠርቶ፣ ወይም በአፋን ኦሮሞ በቃል አብራርቶ ሊያቀርብ ይችላል።

ሦስቱም በአንድ መስፈርት ከ10 ይታረማሉ፦ የግፊት መቀነስን ላስረዳ 4፣ የሙቀትን ውጤት ላስረዳ 4፣ ቁልፍ ቃላቱን በእንግሊዝኛ በትክክል ለተጠቀመ 2። በቃል ካብራሩት አንዱ ከመጀመሪያዎቹ 8 ነጥቦች 7 ቢያገኝ፣ ከቃላቱ ግን ምንም ባያገኝ፣ የሚያስፈልገው የቋንቋ ድጋፍ እንጂ የኬሚስትሪ ክለሳ አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ መራጩ ተማሪው ይሁን፤ መምህሩ ሥዕሉን «ለደካሞች» ካደለ ምርጫው ተማሪን መፈረጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ብሔራዊ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአፋን ኦሮሞ ያብራራ ተማሪ በቀጣዩ ሥራ ቢያንስ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ይጠየቅ። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል የቃል ማብራሪያው ጊዜ ስለሚወስድ ተራውን በሳምንታት መከፋፈል ይቻላል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች አጠቃላይ ውጤትን ብቻ ከማነጻጸር ይልቅ፣ የይዘትና የቋንቋ ነጥቦችን ለይተው ቢመዘግቡ «ሰነፍ» የተባለው ተማሪ በእርግጥ ምን እንደጎደለው ማወቅ ይቻላል።