የአሮጌ ቮልስዋገን ሕመም እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም በአካባቢው ያለው ሰው ኹሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ «ካንዴላው ነው» ይላል፤ ሌላው «ቦቢናው ተቃጥሏል» ይላል፤ ባለመኪናውም ግራ ይገባውና የተባለውን ኹሉ ይገዛል። በመጨረሻ መኪናው ቢነሣ እንኳ በሽታው የትኛው እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው የወጣው ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ምን ምን ተብሎ መመርመር እንደሚገባ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ልናሳይ አስበናል። ለምሳሌ የመረጥነው በአዲስ አበባ ብዙ ዘመን ያገለገለውን፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነውን ቮልስዋገን ነው። ፋብሪካው ይህን መኪና መሥራቱን በሜክሲኮ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ስላቆመ፣ ዛሬ በሰው እጅ ያለው ኹሉ አሮጌ ነው።

የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፣ በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ፣ በጊዜው የሚደርስ ብልጭታ ነው። ከነዚህም አስቀድሞ የሚያስነሣው ባትሪ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ካለና መብራቱም ከደከመ፣ ባትሪ ለመግዛት አንቸኩል። ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው። ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል፤ በዛገ ማያያዣ ላይ የሚጠፋው ኃይል ግን አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ የባትሪውን ጫፎችና ከማርሽ ሳጥኑ ወደ አካሉ የሚሄደውን የመሬት ሽቦ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ይበቃ ይሆናል። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ ክዳኑ መኖሩንም እንይ፤ ክዳን ከሌለው ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ጫፎቹን ነክቶ እሳት ያስነሣል።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ እንቢ ካለ፣ አንድ ካንዴላ ፈትቶ ከገመዱ ጋር እንዳለ ብረቱን ከሞተሩ አካል ማስነካትና ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ይህ አይሞከርም። ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ቦቢናው ደኅና ነው፤ ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ የፑንቲናውን ክፍተት እንለካ፤ ልኩ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ብልጭታ ካለ ደግሞ ወደ ካርቡራቶሩ እንሂድ። የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ ሲስቡት ቤንዚን ፊጭ ማለት አለበት። ካላለ ካርቡራቶሩን ከመፍታት በፊት ታንኩ ቤንዚን እንዳለው ማየት ነው! ከ1962 ሞዴል በፊት የነበሩት የቤንዚን መለኪያ እንኳ አልነበራቸውም።

ከኹሉ የሚያሠጋው የቺንጋው ነገር ነው። በሌላ መኪና ቀዩ የዲናሞ መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ ባትሪው አይሞላም ማለት ነውና ቤት ድረስ ቢነዱት ላይጐዳ ይችላል። በቮልስዋገን ግን ውሃ የለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያም የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቀዩ መብራት እየሄድን ከበራ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። «እስከ ጋራዥ ትንሽ ነው» ብሎ የነዳ ሰው በአንድ ቺንጋ ዋጋ ፈንታ የሞተር ዋጋ ይከፍላል። ቺንጋው በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከላላ በዲናሞው መዘውር ሁለት ክፋዮች መካከል ካሉት ቀለበቶች አንዱን አውጥቶ ወደ ውጭ በኩል ማድረግ ያጠብቀዋል። ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

ከቤንዚን ፖምፓው ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦም ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የሚያንጠባጥበውም በጋለ ሞተር ላይ ነው። ቤንዚን ከሸተተ ቱቦው ሳይለወጥ ቁልፍ አይዞርም።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለአዲስ አበባ የተስተካከለው ደግሞ ወደ አዋሽ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ካንዴላው ነጭ ይሆናል። ደኅናው ካንዴላ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው።

የቫልቮላውን ክፍተት የሚለኩት ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ሰው ኹሉ የሚፈራው ቀጭ ቀጭ የሚለውን የላላውን ነው፤ ነገር ግን የሚቃጠለው ክፍተት ያጣው፣ ድምፅ የሌለው ነው። በተለይ ከ1971 ሞዴል በፊት በነበሩት የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር ነፋስ ስለሚከለክል ጭስ ማስወጫ ቫልቮላው ከሌሎቹ ቀድሞ ይጐዳል፤ መለካትም ከእርሱ ቢጀመር መልካም ነው።