ሥጋን ሳይጎዱ ስለ መያዝ፤ የአንድ የሕክምና መሣሪያ ትምህርት

ስለ ሐፍረተ ሥጋ በመጽሔት መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አንባብያን ይኖራሉ። ነገር ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውምና ዛሬ ይህን ትምህርት ለማቅረብ ወደድን።

የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ቀዶ ጠጋኝ የነበረው ፍራንሷ ደ ላ ፔይሮኒ በ1743 እ.ኤ.አ. የወንድን ብልት ስለሚያጎብጥ ደዌ ጻፈ። ደዌው የብልቱን የውስጥ ሽፋን እንደ ጠባሳ ያጠነክረዋል። ከሕክምናዎቹም አንዱ ብልቱን በዝግታ የሚስብ መሣሪያ ነው። ይኸውም ከሥር የሚያርፍ ቀለበት፥ ሁለት ዘንጎችና ጫፉን የሚይዝ መያዣ አለው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው መያዣው ነው። ለምን?

መያዣው እንዳይንሸራተት ሥጋውን መጭመቅ አለበት። የሚጨምቅበትም ኀይል የስበቱ ኀይል ለፍሪክሽን ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለስሌት ያህል ስበቱ 5 ኒውተን፥ ማለት የግማሽ ኪሎ ክብደት ያህል፥ የፍሪክሽኑም ቁጥር 0.5 ይሁን፤ መጭመቂያው 10 ኒውተን ይሆናል። የብልቱ ዙሪያ 10 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 2 ሚሊሜትር በሆነ ገመድ ብንይዘው ኀይሉ የሚያርፈው በ2 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ብቻ ስለ ሆነ ግፊቱ 375 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስፋቱ 1 ሳንቲሜትር በሆነ ጥብጣብ ብንይዘው ግን ወደ 75 ይወርዳል።

ታዲያ 75 ደኅና ነውን? አይደለም። ዩጂን ላንዲስ በ1930 እ.ኤ.አ. በሰው ቆዳ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ሲለካ፥ ደም በሚገባበት በኩል 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ሆኖ አገኘው። ከዚህ በላይ ሲጫኑት የደሙ መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ የመያዣው መስፋት ጉዳቱን ያቀልላል እንጂ አያስቀርም፤ ሁለተኛው ጠባቂ ጊዜ ነው። ሥጋ ለጥቂት ጊዜ የሚታገሠውን ግፊት ለብዙ ሰዓት አይታገሥም።

ስለዚህ ደኅና መያዣ እነዚህን ያሟላል፦

1ኛ/ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ጠርዙም የተድበለበለ ነው።

2ኛ/ ቆዳን በደንብ ስለሚይዝ ብዙ መጥበቅ አያስፈልገውም።

3ኛ/ በሳቡት ቁጥር እንደ ሸምቀቆ ራሱን አያጠብቅም።

4ኛ/ በአንድ እጅ ወዲያው ይፈታል።

በአየር መምጠጥ የሚይዝ ጽዋ ከሸምቀቆው ያድናል፤ ነገር ግን መምጠጡ ሲበረታ ፈሳሽ ወደ ቆዳው እየሳበ ውኃ ያስቋጥራል።

ጫፉ ከጠቆረ፥ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ያለ ማመንታት መፍታት ይገባል። መደንዘዝ የሥጋው ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ መልመድ አይደለም። ከተፈታ በኋላ ቀለሙና ስሜቱ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። መሣሪያውን አድርጎ መተኛትም ክልክል ነው፤ የተኛ ሰው መደንዘዙን አያውቅምና። የስኳር በሽታ ስሜቱን ያደከመበት ሰውም እንዲሁ ሊታለል ይችላል።

ከሁሉ በላይ በኀፍረት ምክንያት በጓዳ በሲባጎ፥ በላስቲክ ወይም በብረት ቀለበት የሚሞክር ወንድማችን ይህን ስሌት ያስታውስ። ሐኪም ፊት የሚታፈረው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሞተ ሥጋ ግን አይመለስም።