የባላገርን የዓመት ገቢ በትክክል ስለ መገመት
(ከጎጃም ደጋ ምሳሌ ጋራ)

ወረዳን የሚያስተዳድር ሹም ሕዝቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻለው ወይም እየደኸየ መሄዱን ካላወቀ፥ ግብር ሲጥልም እርዳታ ሲያድልም በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነው። የባላገሩን ገቢ መገመት ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ያለ ደንብ የተሠራ ግምት የሚያመጣውን ጉዳት የጎጃም ታሪክ ያስረዳል።

በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ በብዙዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ሲገበር፥ ጎጃም ግን እንደ ትግሬና እንደ በጌምድር በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተተወ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ አሥራትን አስቀርቶ፥ ገበሬው በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲገብር አዘዘ። አሳቡ ለድኻው የሚበጅ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ገቢው በገማቾች ዓይን የሚወሰን ስለ ሆነ፥ ባላገሩ ነገሩን ርስቱን ለመለካትና ለመንጠቅ የመጣ አድርጎ ቈጠረው። በሞጣ፥ በዳሞትና በቢቸና ዐመፅ ተነሣ፤ ጦርም ዘመተ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የተከማቸው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት፥ ኑሮን የሚያጠናና ግብር የሚያስከፍል ሰው አንድ እንዳይሆኑ ነው። ግብር ያስፈራው ገበሬ ጎተራውን አሳንሶ ይናገራል። ስለዚህ ስንት አገኘህ ከማለት ይልቅ፥ ቤተ ሰቡ በሳምንት ምን ያህል እህል እንደሚያስፈጭ፥ ለጨው፥ ለልብስና ለሕክምና ምን ያህል እንደሚያወጣ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ትምህርት የቤተ ሰቦቹ አመራረጥ ነው። ጭቃ ሹሙ ወይም የቀበሌው ሹም የሚመርጣቸው አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ዳር ያሉትንና የታወቁትን ነው። ስለዚህ የሁሉም ስም ተጽፎ በዕጣ ይውጣ። ገብስና ድንች የሚያመርተው የጮቄ ደገኛ፥ ጤፍና ስንዴ የሚያርሰው የወይና ደጋ ሰው፥ ወደ ዓባይ የወረደው ቆለኛም እያንዳንዱ በቍጥሩ ልክ ይግባ።

ሦስተኛው የመካከለኛውን ቤት ማግኘት ነው። የዘጠኝ ቤቶች የዓመት ገቢ በእህል 6፥ 8፥ 9፥ 11፥ 12፥ 14፥ 15፥ 18 እና 60 ኩንታል ነው እንበል። ድምሩ 153 ነው፤ ለዘጠኝ ሲካፈል 17 ይደርሳል። ነገር ግን ከዘጠኙ ሰባቱ 17 አያገኙም፤ ቍጥሩን ከፍ ያደረገው አንዱ ባለ 60 ብቻ ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ በተራ ሲሰለፉ አምስተኛው፥ ማለት ባለ 12 ኩንታሉ፥ መካከለኛ ቤት ይባላል። አራቱ ከእርሱ በታች፥ አራቱ ከእርሱ በላይ ናቸው። የወረዳውን ኑሮ የሚያሳየው ይህ ነው።

ሲቈጠርም ለዘር የሚቀረውና የማዳበሪያ ዕዳ ይቀነስ፤ በቤት የተበላው እህል፥ የተሸጠው ባሕር ዛፍና የማሩ ዋጋ ይጨመር። በእኩል የታረሰ መሬት ምርት ለባለመሬቱና ለአራሹ በየድርሻቸው ይጻፍ፤ አለዚያ አንዱ እህል ሁለት ጊዜ ይቈጠራል። ቍናና ዳውላ ከገበያ ገበያ ስለሚለያዩ ሁሉ በኪሎ ይመዘን።

አራተኛው ዓመትን ከዓመት ማስተያየት ነው። መካከለኛው ቤት በአንድ ዓመት 12,000 ብር አገኘ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ 18,000 ብር አገኘ እንበል። ብሩ በግማሽ ጨመረ። ነገር ግን የኩንታል ዋጋ ከ1,000 ወደ 2,000 ብር ወጥቶ ከሆነ፥ 12 ኩንታል ይገዛ የነበረው ገቢ ዛሬ 9 ብቻ ይገዛል፤ በወረቀት የበለጸገው ቤት በእውነቱ ደኽይቷል። ጥያቄውም ዘወትር በአንድ ወር ይሁን፤ በጥር አውድማ ሲሞላና በነሐሴ ጎተራ ሲጎድል የተወሰደ ቍጥር አይተያይም።

ይህ ሊሠራ መቻሉን በእነማይ ወረዳ ያለችው የጤፍ አገር የትመን ታሳያለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ጋራ በኢትዮጵያ 15 የገጠር ማኅበራትን ሲያጠና የትመን አንዷ ነበረች፤ ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. በየጊዜው እየተመለሱ እነዚያኑ ቤተ ሰቦች ጠየቁ። ያው ቤት በያው ጥያቄ ሲጠየቅ የኑሮው መነሣትና መውደቅ ይታያል።

እንግዲህ ሹም የሆነ ሁሉ መዝገቡን ከግብር መዝገብ ለይቶ ይጠብቅ፤ የመዘነበትንም ሥርዓት ለተተኪው ጽፎ ያስረክብ። ሥርዓቱ ከሹሙ ጋራ የሚለወጥ ከሆነ፥ የሚታየው ልዩነት የሹሞቹ እንጂ የሕዝቡ ኑሮ አይሆንም።